ዘይኑልአቢዲን የመረጠው ውኃ

ዘይኑልአቢዲንን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍለዋል? ሒሳቡን በብር አትጀምሩት። ጠዋት ሸሚዝ ለመልበስ ሩብ ሰዓት ይከፍላል። መጀመሪያ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ እንደ ሕፃን ያለብሰዋል፤ ከዚያ ቀኙን ያስገባል። ቁልፉን ባለቤቱ ኡሙሰልማ ትቆልፍለታለች፤ እሷ ቀድማ ከወጣች ደረቱን ገልጦ ይውላል። ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ በሚመዝንበት መደብ፣ ሌላው በሁለት እጁ የሚያነሣውን ጆንያ እሱ በጉልበቱ እየገፋ በአንድ እጁ ያወጣዋል፤ ለዚያም ከቀትር በኋላ በወገቡ ይከፍላል። በግራው በኩል የሚጠራውን ደንበኛ አይሰማም፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ሰው «ኩራተኛ» ብሎት ያልፋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ውዱእ ነው። ለሶላት አምስት ጊዜ ይታጠባል፤ በየጊዜው ሦስት ሦስት ጉንጭ፣ በቀን አሥራ አምስት ጉንጭ ውኃ አፉ ውስጥ ይገባል። በገባ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለዋል። ይተፋውና ይነሣል፤ ይሰግዳል፤ ወደ በርበሬው ይመለሳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥጥ እስር ይሸከም ነበር። ትውልዱ ሐይቅ ነው፤ ደንገሉ ከሚጀምርበት ዳር። አባቱ በታንኳ ቆሮሶ ዓሣ እያጠመዱ ነው ያሳደጉት። ሰዎች «ሳይራመድ የዋኘ» ይሉታል፤ እሱ ግን «ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ሰመጥሁ፤ መዋኘቱ ከዚያ ነው የመጣው» ይላል። ኡሙሰልማን አግብቶ የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ጡት ላይ ነበረች።

በዚያ ዓመት መጋቢት፣ ከሰሜን ግንባር ክፉ ወሬ በመጣ ሰሞን፣ ፈረቃ ሲቀያየር ሁለት የወታደር መኪና ፋብሪካው በር ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ቆሙ። የሚወጣውም የሚገባውም መሀል ቀረ። አንድ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ «ልጆቼን ልሰናበት» ብሎ ቢለምን ወታደሩ በሰደፍ አፉን ደቆሰው። ሰውዬው ተንበርክኮ ጥርሱን ከአስፋልቱ ላይ ይለቅም ጀመር፤ ጥርስ ተለቅሞ ምን እንደሚሆን እንጃ፣ ብቻ ለቀመ። ሁለተኛው ሰደፍ ማጅራቱ ላይ አረፈ። በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው መኪናው ላይ ወረወሩት። ዘይኑ በመወርወርና በመሸከም የሚኖር ሰው ነውና አወዳደቁን አየ። በሕይወት ያለ ሰው እንደዚያ አይወድቅም።

እሱ ያን ቀን ያመለጠው ጥጥ ክምር ውስጥ ተቀብሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ለጦር ግንባር ማፈሱ በዝርዝር ሆነ። ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ የዘይኑ ስም ሠላሳ አራተኛ ነበር። መኪኖቹ በግንቦት ይመጣሉ ተባለ፤ በግንቦት ስንት ቀን የሚል ግን የለም።

ረመዷን በገባ በሦስተኛው ቀን ከፍያለው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ከፍያለው የፋብሪካው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። በምሳ ሰዓት ግንቡ ጥላ ሥር ሦስት ዋናተኞች ሰበሰበ። ዘይኑ አንዱ ነው። ሁለተኛው በሺር ነው፤ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ድምፅ የሌለው። ሦስተኛው የኩታበሩ መኳንንት ነው፤ ዋና የተማረው በክረምት በሽሎ ወንዝን ፍየል ሲያሻግር ነው።

«ሦስት ውድድር አለ» አለ ከፍያለው ወረቀቱን እያየ። «ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በላብ አደሮች ቀን፣ ሐይቅ ላይ። ግንቦት አሥራ አራት አርዲቦ ላይ። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር፣ ጣና። አንድ ሰው አንዱን ብቻ ይመርጣል። ከአንድ ፋብሪካ ለአንድ ውድድር ሁለት ሰው። በየውድድሩ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ውስጥ ይገባል።»

«ቡድን የገባስ?» አለ መኳንንት አፉ እንደሞላ።

«ቡድን የገባ» አለ ከፍያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሙ ከዝርዝሩ ይፋቃል።»

መኳንንት ማላመጡን አቆመ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ እናም የሥጋ ፍርፍሩን ዘይኑ አፍንጫ ሥር ዘርግቶ ነበር የሚበላው። «አትየኝ» ይለው ነበር ቅድም። «ሁዳዴን ሙሉ ፊቴ ስትቀለጥም ከርመሃል። ዛሬ ተራዬ ነው።»

«ብላ አቦ፣ አብሽር» ብሎት ነበር ዘይኑ። «ሆድህ ሲከብድ ውኃው ይቀልሃል።»

አሁን ግን ሁለቱም ቀልዳቸውን አቆሙ።

«ጣናን ተዉት» አለ ዘይኑ። «ከምጽዋ የባሕር ኃይል ልጆች ይመጣሉ፤ ከዓሣ ጋር ማን ይወዳደራል? ደግሞ እስከ ሰኔ ማን ይጠብቀናል? መንገዱስ ቢሆን፣ በየኬላው እየተለቀምን ልንደርስ?»

«አርዲቦ ይበርዳል» አለ መኳንንት። «ከሐይቅ ከፍ ያለ ነው ይላሉ።»

«ይበርዳል» አለ በሺር። «ግን ጦሙ ይፈታል። በልቼ ነው የምገባው።»

«መኪናው ከግንቦት አሥራ አራት በፊት ቢመጣስ?» አለ መኳንንት።

በሺር ትከሻውን ሰበቀ። «እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እናንተ ሐይቅ ካላችሁ እኔም ሐይቅ እላለሁ። ሁለት ሰው ነው የሚፈቀደው፤ ማን ይቅር?»

ዘይኑ ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ ዛሬ ሳይሸሽግ ይናገራል። ሐይቅን የመረጠው ቀኑ ቅርብ ስለሆነ፣ ውኃውም ያደገበት ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ጥፋት የለም። ጥፋቱ ሁለተኛውን ሰው ሲመርጥ ነው። በሺር ከእሱ ይፈጥናል፤ ሐይቅ ከገባ ከሦስቱ ቦታ አንዱ ተወሰደ ማለት ነው። መኳንንት ግን የወንዝ ሰው ነው። ወንዝ የለመደ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ሲደክመው ገላውን ለውኃው ይለቃል፣ ወንዙ ወስዶ አንዱ ዳር ያወጣዋል። ሐይቅ ላይ የለቀቀ ሰው የሚወስደው የለም፤ ቁልቁል ካልሆነ በቀር። ዘይኑ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል።

«በሺር አርዲቦ ይሂድ፤ አገሩ ነው» አለ። «መኳንንት፣ አንተ ከእኔ ጋር ና። የሐይቅ ውኃ የዋህ ነው፤ እንደ በሽሎ አይጎትትህም።»

«አይጎትትም?»

«ወላሂ አይጎትትም።»

መሐላው እውነት ነበር። አይጎትትም። መኳንንት የዘይኑን ትከሻ መታ አደረገና ሳቀ። «ካሸነፍሁ የይለፍ ወረቀት እጠይቃለሁ» አለ። «እናቴን ከፓዊ አመጣታለሁ።»

እናቱ ወይዘሮ ወለላ በድርቁ ዓመት ለሰፈራ ከኩታበር ተጭነው ሄደዋል። መኳንንት ከመኪናው ላይ ዘሎ አመለጠ፤ እሳቸው አልዘለሉም። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሰው፤ ያን ደብዳቤ አጣጥፎ በላስቲክ ጠቅልሎ ከአንገቱ አይለየውም ነበር።

ዘይኑ በጁምዓ ሸህ አብዱልወሀብን ስለ ጦሙ ሊጠይቅ ሄደ። ሸሁ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሐይቅ ምንህ ነው?» አሉት።

«አገሬ ነው። እናቴ አሁንም እዚያ ናት።»

«እንግዲያ እዚያ ስትገባ መንገደኛ አትባልም። የሰው አገር ብትመርጥ ኖሮ መንገደኛ ነህ፣ ብላ እልህ ነበር። ቢሆንም ለነፍስህ ከፈራህ ብላ፤ ኋላ ትከፍለዋለህ። አላህ መሐሪ ነው።»

«ሳልበላ ብዋኝስ፣ ሸህ? ውኃ አፌ ቢገባ?»

«ሳትፈልግ የገባ ምንም አይልህም። አውቀህ አፍህን ከፍተህ ካስገባኸው ግን ጦምህ ፈረሰ። ልጄ፣ እኔ ብላ ነው የምልህ።»

ዘይኑ ከተባለው ሁሉ ይዞ የወጣው አንዱን ብቻ ነው፤ አፍ የመክፈቱን። ያለ ሸሁ ፈቃድ ለራሱ ስለት ተስሎ ነበርና፤ «ከዝርዝሩ ካወጣኸኝ፣ ከዚህ ረመዷን አንዲት ቀን አልበላም» ብሎ። ኡሙሰልማ ስትሰማ ልጅቷን እያጠባች ነበር። «አላህ አንተን ጾመህ ስጠም አላለህም» አለችው። «ስለቱን ሰው ሲደርስለት ነው የሚከፍለው፤ አንተ በፊት ትከፍላለህ?» አልሰማትም። እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ ከሥራ በኋላ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ብቻ እየተነፈሰ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ተለማመደ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት እሑድ ዋለ። ሐይቅ ዳር ሙዚቃ ነበር፣ ቀይ ጨርቅ ነበር፣ በየአሥር እርምጃውም ወታደር ነበር፤ ዋናተኛው በሌላ በኩል ወጥቶ እንዳይጠፋ። ሠላሳ አንድ ሰው በቁምጣ ተሰለፈ። አንድ የፓርቲ ካድሬ ከእንጨት ጀልባ ላይ ቆሞ ከማዶ ገዳም ባለበት ጉብታ አቅጣጫ የተተከለውን ባንዲራ አሳየ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሽጉጡን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ይህ ዋና አልነበረም። ሦስት ቦታ፣ ሠላሳ አንድ ነፍስ። ውኃው ወገብ ሳይደርስ ክርን ለክርን ተያያዙ። አንዱ የፊተኛውን ቁምጣ ይዞ ወደ ኋላ ጣለው፣ ሦስት ሰው ረግጦት አለፈ። አንድ ከደሴ የመጣ ግዙፍ ሰው በጥፍሩ የሰው ጀርባ እየላጠ ነበር የሚሄደው። ዘይኑ ቀኝ ጎኑ ላይ ያለውን ሰው አገጭ በክርኑ ሲያገኝ፣ ከፊት የመጣ ተረከዝ ግራ ጆሮውን መታው። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ትኩስ ነገር አንገቱ ላይ ወረደ፤ ከዚያ በዚያ ጆሮው ዓለም ጸጥ አለ። ደንገሉን አልፈው ሰማያዊው ውኃ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የቀረው ውኃ ደም ቀላቅሎ ነበር፤ አሥራ ምናምን ሰው ወደ ዳር ተመልሷል፤ የተመለሰውን ወታደር በዱላ ይቀበለዋል።

ግማሽ መንገድ ላይ ዘይኑ አራተኛ ነበር። ቀና ብሎ ሦስተኛው ማን እንደሆነ አየ። መኳንንት ነው።

ያላሰበው ነገር ነው። የወንዙ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ እጁን እየወረወረ፣ እናቱ ከዚያ ማዶ የቆሙ ይመስል ይሄዳል። ዘይኑ ጾመኛ ነው፤ አፉ ተዘግቷል፤ በአፍንጫ የሚገባው አየር አይበቃውም። ተከተለው። ባንዲራው በቅርብ ሲታይ፣ ሦስት መቶ ሜትር ቢቀር ነው፣ የመኳንንት እጅ ላላ። ዘይኑ እንደሚሆን ያወቀው ነገር ሆነ። ሰውዬው ደከመው፤ እንደ ልማዱ ገላውን ለውኃው ለቀቀ፤ ወንዙ እንዲወስደው ጠበቀ። የሚወስደው ግን አልነበረም። ቁልቁል ሄደ፤ ሲሄድም በአጠገቡ የሚያልፈውን የዘይኑን ቁርጭምጭሚት ጨበጠ።

ዘይኑ ረገጠው። የመጀመሪያው ርግጫ ለመላቀቅ ነው፤ እጁ ላይ አረፈና እጁ ለቀቀ። ሁለተኛው ግን እጁ ከለቀቀ በኋላ ነው። ተረከዙ ፊቱ ላይ፣ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በእግሩ ተሰማው። ለምን ሁለተኛውን እንደረገጠ ተጠይቆ ያውቃል። «ሦስተኛ ልሆን» ነው መልሱ። ሌላ አይጨምርም።

ጀልባው በስተቀኝ ሃያ ክንድ አይርቅም ነበር። አፉን ከፍቶ አንድ ጊዜ ቢጮህ ይሰሙታል። አልጮኸም። ጦሙ አፉ ላይ ነበር፤ ዝርዝሩ አፉ ላይ ነበር። እጁን ወረወረ፣ አንድ። ሁለት። እስከ አሥራ አንድ ቆጠረ። በአሥራ ሁለተኛው አፉ በራሱ ተከፈተ። «ሰው» ብሎ ጮኸ፤ ሐይቁ ገባበት፤ ዋጠው፤ ዞረ።

ካድሬው ያየው አንድ ዋናተኛ ወደ ኋላ ዞሮ ሌሎቹን ሊይዝ ሲመጣ ነው። «ቀጥል» አለው። ዘይኑ ጀልባውን አልፎ ሊጠልቅ ሲል መቅዘፊያው ግራ ትከሻው ላይ ወረደ። ደገሙት። ትከሻው ከቦታው ወጥቶ እጁ እንደ ጨርቅ ተንሳፈፈ። በአንድ እጁ ጠለቀ። መጀመሪያ ያገኘው ያን በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ የያዘውን ክር ነው፤ በክሩ ተመርቶ አንገቱን አገኘ፤ ጎትቶ አወጣው። የመኳንንት ዓይኖች ተከፍተው ነበር፤ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል፤ ትንፋሽ ግን የለም።

ዳር ላይ ሲያወጧቸው ሙዚቃው አልቆመም። ካድሬው ሬሳውን በጫማው ጫፍ ገለበጠው።

«ይሄ ማነው?»

«የኛ ሠራተኛ ነው ጓድ» አለ ከፍያለው።

«ዝርዝር ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ጓድ።»

«እንግዲያ ግንባር ሄዷል ብለህ ጻፍ። በላብ አደሮች ቀን ሰው አይሞትም።»

«ወላጅ እናት አለው...»

«ግንባር ሄዷል።»

ከፍያለው ጻፈ። ግንባር ሄዷል የሚለው ደብዳቤ በማኅተም ወደ ፓዊ ሄደ።

ማታ ከመድረሱ በፊት የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መኳንንትን በታንኳ መቅዘፊያ ላይ አስረው ተሸከሙት። አንድ ቄስ ፈርተው በለሆሳስ ፈቱት። ከከተማዋ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀበረ። ዘይኑ በቀኝ እጁ አፈር አለበሰው። ሰዎች ጦምህን ፍታ ብለው ውኃ ሲያቀብሉት፣ «ፈትቻለሁ» አላቸው።

መኪኖቹ ግንቦት ስድስት መጡ። የአርዲቦ ውድድር ሳይደርስ በሺር ተጭኖ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዘይኑም ተጫነ። ማሠልጠኛው ውስጥ አንድ አሥር አለቃ «ትከሻህን ታስመስላለህ» ብሎ በግንባሩ አስተኝቶ የግራ እጁን ወደ ላይ ቆለመመው፤ የተጠገነ የመሰለው ትከሻ እንደገና ወለቀ፣ አጥንቱም ተሰበረ፤ ዘይኑ ራሱን ሳተ። ሐኪሙ አይቶ «ይሄ ጠመንጃ አያነሣም» ብሎ ፈረመ። በሃያ ሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ጣሉት። ኡሙሰልማ በሩ ላይ ስታየው ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ቀኙ አለ? ቀኙ ካለ እንኖራለን።» ልጅቷን ቀኝ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

ኖሩም። ፋብሪካው አንድ እጅ ያለው ተሸካሚ ስለማይፈልግ ደሴ ወጡ። እሷ በርበሬ ታስፈጫለች፣ እሱ ይመዝናል፤ ሁለት ልጅ ጨመሩ። አንድ ሌሊት ሁሉንም ነገራት፤ የሁለተኛውን ርግጫና አሥራ አንዱን ቀዘፋ ጭምር። «እኔ እናት ነኝ» አለች። «ልጄ ግንባር ነው ተብዬ በየቀኑ መንገድ መንገድ ከማይ፣ የገደለው መጥቶ ቢነግረኝ ይሻለኛል። ሂድና ፈልጋቸው።»

ኩታበር ሄደ። ቤቱ ፈርሷል፤ ጎረቤቶቹ «ከሰፈራ አልተመለሱም» አሉት። ደብዳቤውን ከመኳንንት አንገት ፈትቶ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ውኃ ገብቶበት ቀለሙ ፈስሷል። ከላይ «ፓዊ፣ መንደር» ይልና ቁጥሩ አይለይም፤ አሥራ ሁለትም ሃያ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም መንደር ጽፏል፤ መልስ አልመጣም። እንዲጻፍ የፈለገው ቃል ይህ ነው፤ እንደተናገረው እነሆ።

«ፓዊ የሰፈራችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፤ ከኩታበር የሄዱ ወይዘሮ ወለላ የሚባሉ፣ መኳንንት የሚባል ልጅ የነበራቸው ሴት ካወቃችሁ፣ በሕይወት ካሉ የት እንዳሉ ብቻ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ መደብ ላኩብኝ፤ ዘይኑልአቢዲን ብትሉ ያሳዩአችኋል። ልጅዎ ሞቷል ብላችሁ ግን እንዳትነግሯቸው። ቤታቸው ሄጄ፣ ፊታቸው ቆሜ፣ በራሴ አፍ ልንገራቸው። መቃብሩንም የማሳያቸው እኔ ነኝ። እባካችሁ።»